ስድስተኛዋ ሽንኩርት

ተናገሪ ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው እንጂ እኔ ከመሬት ተነስቼ የሽንኩርት ወሬ የማበዛ ሰው አይደለሁም። ባለፈው ሐሙስ ህይወት፣ የትልቋ ልጄ ልጅ፣ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አጠገቤ ዘፍ አለችና «እማማ፣ ሰው ለምን ይዋሻል?» አለችኝ። የህይወት ሥራዋ ዋጋ መጠየቅ ነው። ከዊንጌት ጀምራ እስከ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ለሱቅ፣ ጉልት ለጉልት እየዞረች የዘይቱን፣ የምስሩን፣ የቲማቲሙን ዋጋ ትጠይቅና በእጇ በምትይዛት ታብሌት ላይ ትሞላለች። በየወሩ ያንኑ ሱቅ፣ ያንኑ ዕቃ። የዚያን ቀን አንዲት ባለሱቅ የግብር ሰው መስላት የዘይቱን ዋጋ ዝቅ አድርጋ ነገረቻት፤ ህይወት ገና ከበሩ ሳትርቅ ያንኑ ዘይት ለሌላ ሰው በሌላ ዋጋ ስትሸጥ ሰማቻት። እሷ ተናዳለች፣ ሌሎቹ ይስቁባታል። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ ስታስመዝን ውላ። እኔን ያ ሽታ ወሰደኝና «ሴትየዋን አትቀየሚያት፤ እኔም ዋሽቻለሁ» አልኳት።

«አንቺ? በምን?»

«በሽንኩርት።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይለቀኛል። እኔ ሳወራ ህይወት ጻፈችው። በኋላ መነጽሬን አድርጌ ሳነበው፣ ከመጠን በላይ ያሳመረችውን አንዳንድ ቦታ አስፍቄዋለሁ።

ዛሬ ዋጋ የማያወራ የለም። ታክሲ ውስጥ ስገባ ወሬው ዋጋ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ሰላምታው ሳያልቅ ጤፍ ስንት ገባ ነው። እኔ አልፈርድም። ዛሬ አንድ እንቁላል የሚገዛው ብር በእኛ ጊዜ ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ ገዝቶ የታክሲ ይተርፈው ነበር። ግን ያኔም ሰው ኑሮ ተወደደ ይል ነበር። እናቴም ትል ነበር፤ የሷም እናት ሳትል አትቀርም። እኔ እንደሆነ አሁን ጡረታዬ የልጆቼ ደጅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይዋ ስትወጣ ከቤቱ ፊት ለፊት ወንበሬን አወጣለሁ፣ እንጦጦን አያለሁ፣ ሻይዬን እጠጣለሁ። ስኳሩ ስንት እንደሆነ አይነግሩኝም። እኔም አልጠይቅም፤ ህይወት ስታወራ ግን እሰማለሁ።

ጉልቴ እዚሁ ጉለሌ፣ ከዊንጌት ትንሽ ወጣ ብላ፣ መንገዱ ዳገት መሆን ሲጀምር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ፊት ለፊት ነበረች። ሁለት ክንድ የማትሞላ መሬት ናት። ከኋላዬ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ከፊቴ አስፋልት፣ ከጎኔ ዘነበች የምትባል በርበሬ ሻጭ። ልብስ ሰፊው ቀኑን ሙሉ ቴፑን ይከፍታል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያብድላት አንዲት የፍቅር ዘፈን ነበረች፤ የሱ ካሴት ግን አዝማቹ ጋ ሲደርስ ይላላና ድምፁ እንደ ሰካራም ይጎተታል፤ የጎደለውን ዘነበች በራሷ ድምፅ ትሞላለች። ከላይ ከእንጦጦ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አጥሩ ላይ ደገፍ ብለው ያርፋሉ፤ ላባቸውን ሲጠርጉ የባሕር ዛፉ ሽታ ከሽንኩርቴ ሽታ ጋር ይደባለቃል። ተማሪዎቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ከታች የሚሰፋ ሱሪያቸው አቧራውን እየጠረገ ያልፋሉ። ሰማያዊና ነጩ ውይይት ታክሲ ሰው ከሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ያወጣል ያወርዳል። ሒሳቡ ስሙኒ ነው። ለኔ ስሙኒ ብዙ ስለሆነች አትክልት ተራ ወርጄ ሽንኩርቴን ገዝቼ ስመለስ፣ ከረጢቱን በጀርባዬ አዝዬ በእግሬ ነው።

ባለቤቴ ደምሴ፣ ነፍሱን ይማር፣ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ጠዋት አብረን እንወጣለን፤ እሱ ወደ ጉድጓዱ፣ እኔ ወደ ጉልቴ። ጉድጓድ የምለው ሸማኔ እግሩን ከቶ የሚሠራበትን ነው። የሱ ነጠላ የበዓል ሰሞን ይሸጣል፣ ከዚያ ወራት ይተኛል። ስለዚህ የአራት ልጆች እራት በዚያች ሁለት ክንድ በማትሞላ መሬት ላይ ነበር። ይህን ያወቀ ሰው ውሸቴን ይረዳልኛል።

ያን ጊዜ ጉልት ላይ ኪሎ አይታወቅም፤ መደብ ነው። ሽንኩርቱን ቆጥረህ ትከምራለህ፣ አንዱ ክምር አንድ መደብ ነው፣ ዋጋውም ሽልንግ። ሽልንግ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ይህን ለልጆቹ ነው የምናገረው። ዋጋ ሲወጣ የጉልት ሰው ሽልንጓን አይነካም። ሽልንግ ስትባል የኖረችን መደብ ሰባ ሳንቲም ናት ብትል ደንበኛህ ይቀየማል፤ ሸማቹም መርዶ እንደደረሰው ሰው ያይሃል። ስለዚህ ከክምሩ አንዲት ሽንኩርት ታነሳለህ። እኔ ስጀምር መደቤ ስምንት ፍሬ ነበር። ሰባት ሆነ። ስድስት ሆነ። ደንበኛዬም ያያል፣ እኔም አያለሁ፣ ማንም ማንንም አይናገርም። ዋጋው ግን ሽልንግ ነው። ደግሞ ምራቂ አለ። መደቡን ቅርጫቷ ውስጥ ካፈሰስኩላት በኋላ አንዲት ሽንኩርት ጣል አደርግላታለሁ፣ እሷም ትመርቀኛለች። ዘነበች በዚህ አትተወኝም ነበር።

«አስካለ፣ ከመደቡ ትቀንሽና በምራቂ ትመልሻለሽ። ምኑን ነገድሽው?»

«የቀነስኩት ኑሮ አስገድዶኝ ነው፤ የመረቅኩት ግን ወድጄ ነው» እላታለሁ።

አንድ ቀን ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች፣ ሸራ ጫማ ያደረገች ልጅ እግር ሴት ከታክሲ ወርዳ ፊቴ ቆመች። ሰሌዳ ላይ የተቆነጠጠ ወረቀት ይዛለች። ስሟ ሰብለ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ይሄ መደብ ስንት ነው?»

«ሽልንግ።»

«ባለፈው ወርስ ስንት ነበር?»

«ሽልንግ።»

«ካቻምናስ?»

«ሽልንግ ነዋ።»

ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ «ይገርማል፣ ይሄ ሰፈር ምንም አልተወደደበትም» አለች። ዘነበች በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ልጅቱ ግን ሞኝ አልነበረችም። ጎንበስ ብላ ክምሩን በዓይኗ ቆጠረችው። ሽልንጓን ከፍላ መደቡን ገዛችና ከቦርሳዋ መንጠቆ ያላት ትንሽ ሚዛን አውጥታ፣ ሽንኩርቱን በከረጢት አንጠልጥላ መዘነችው። ጉልት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም። ቆማ ቁጥሩን አየች፣ ጻፈች፣ አመስግናኝ ሄደች።

«አለቀልሽ» አለችኝ ዘነበች። «ዋጋ ሳይጨምሩ መደብ የሚያሳንሱትን ሊይዙ ነው። ወረቀቱ ቀበሌ ይገባል። ከዚያ ከቦታሽ ያነሱሻል።»

ያን ጊዜ ስኳሩም ጨውም በቀበሌ ካርድ ነው፤ ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ የአንድ ነገር አለቃ ይመስለናል። የዚያን ዕለት እራቴን አልበላሁም። ከቦታዬ ከተነሳሁ ሌላ ቦታ የለኝም፤ መንገዱ ከላይ እስከ ታች ተይዟል፣ እያንዳንዷ ክንድ ባለቤት አላት።

በሚቀጥለው ወር ከሥላሴ እስከ ሚካኤል ባለው ጊዜ ውስጥ እንደምትመጣ ገምቼ ዓይኔን ታክሲው ላይ ተክዬ ሰነበትኩ። ሰማያዊው ሹራብ ከሩቅ ብቅ ሲል እጄን ከረጢቱ ውስጥ ሰድጄ በየመደቡ ላይ ሁለት ሁለት ጨመርኩበት። ስድስት የነበረው ስምንት ሆነ። መጣች፣ ገዛች፣ አንጠለጠለች፣ ሚዛኗን ትኩር ብላ አየች።

«እትዬ፣ ረከሰ እንዴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥጋብ ነው» አልኳት።

ጉዱ የመጣው ከሷ በኋላ ነው። ክምሩን አሁን አፍርሼ ብቀንስ ሰው ያየኛል። ሰፈርተኛው ደግሞ ዓይን አለው። በሦስተኛው ወር ሰማያዊ ሹራቧን ገና ሳያዩ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ይዘው አጥሩ ሥር ተሰልፈው ጠበቋት። «ሚዛኗ መጣች» ይባባላሉ። ያቺ ልጅ በመጣች ቀን የኔ ሽንኩርት የቅዱስ ሚካኤል ጸበል ጸዲቅ ሆነ ማለት ነው። የዚያን ቀን ማታ መቀነቴን ስፈታ ለነገው ከረጢት የሚሆን የለም።

ለደምሴ ነገርኩት። ደምሴ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ሲናገር ክር የሚመርጥ ይመስላል።

«አስኩ፣ መደብሽን ስታሳንሺ አላፈርሽም። ሁሉም ያየዋል። አሁን ምን ሆነሽ ነው የምታተልቂው?»

«እንዳልነሳ ነዋ።»

«ታዲያ ልጅቱ እኮ የጻፈችው ውሸት ሆነ። ጉለሌ ሽንኩርት ስምንት ፍሬ በሽልንግ ይበላል ብላ ጻፈች ማለት ነው። ይሄንን ያነበበ ሰው ጠግበዋል አይልም?»

«ይበል። ቢል ምን ቸገረኝ? ልጆቼ ጦማቸውን ከሚያድሩ እኛን ጠግበዋል ቢሉን ይሻለኛል።»

«እኔ ነጠላ በክንድ እሸጣለሁ» አለ። «ክንዴን ለአንዱ ላስረዝም ለሌላው ላሳጥር ብል፣ ክንድ የሚባል ነገር ከገበያ ይጠፋል።»

እኔ ግን በሚቀጥለውም ወር ጨመርኩ፤ ፍርሃት ክንድም ሚዛንም የለውም።

ከዚያ ወር ጀምሮ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሚዛኗ በመጣች ማግስት ጠዋት ያደረ ሽንኩርቴን ስቆጥር ይጎድላል። አይጥ አልኩ። አይጥ ግን ቆጥሮ አይወስድም። መደቤ ከስድስት ወርዶ አምስት ፍሬ በሆነበት ጊዜ በየወሩ የሚጎድለው ስድስት ነው። በኋላ መደቡ አራት ሲሆን የሚጎድለው አምስት ሆነ። ሁልጊዜ ከመደቡ አንዲት ይበልጣል። ደምሴን ጠየቅሁት።

«እኔ ነኝ» አለ፣ ሳይደብቅ።

«ለማን?»

«ለሚያስፈልገው ሰው።»

የደምሴ አመል ይሄ ነው፤ ከዚያ በላይ ብትጎትተው ክሩ ይበጠሳል። ለዘነበች ባልነግራት ይሻል ነበር።

«ሽሮ ሜዳ ሌላ ድስት ጥዶ ይሆናላ» አለችኝ በርበሬዋን እየነፋች።

«ባለ ድስቷ በወር አንዴ ብቻ ነው የምትበላው?»

«ቆጣቢ ናታ። አምስቱ ለወጥ፣ ስድስተኛዋ ለእናቷ።»

ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ደምሴን አንድም ቀን አልጠረጠርኩትም። ብቻ ያቺ ስድስተኛዋ ሽንኩርት ነገሯ አልገባኝም። አንድ ሰው መደብ ቢሰጥ መደብ ይሰጣል፤ ለምን አንድ ይጨምራል?

ክረምቱ ሲገባ የፈራሁት ደረሰ። ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጥተው ዘነበችን በርበሬ አስወድደሻል ብለው ከቦታዋ አነሷት። እኔ ወዲያው ወረቀቱን ነው ያሰብኩት። ዘነበች ዣንጥላዋን አጥፋ፣ ቁናዋን ታቅፋ ዝናብ ላይ ስትቆም አላስቻለኝም። «ነይ» ብዬ ከሁለት ክንዴ ግማሿን ሰጠኋት። ሽንኩርቴን ወደ ግራ ገፋሁት። በርበሬዋን ከቀሚሷ ሥር ይዛ እያስነጠሰች ትሸጣለች፣ ደንበኛውም አብሯት ያስነጥሳል።

በዚያው ሰሞን ሰብለ መጣች። ያን ቀን አንዲት ሽንኩርት አልጨመርኩም። እጄን ክምሩ ላይ ጭኜ «አልሸጥልሽም» አልኳት።

«ምነው እትዬ?»

«ጓደኛዬን አስነሳሻት። ቀጥሎ እኔ ነኝ። እኔ አራት ልጆች አሉኝ የኔ እህት፤ ወረቀትሽን ይዘሽ ሌላ ቦታ ሂጂልኝ።»

ልጅቱ ደነገጠች። ሰሌዳዋን ወደኔ አዙራ «እዚህ እኮ የማንም ስም የለም። ይኸው ይዩት። ዕቃና ዋጋ ብቻ ነው። የእትዬ ዘነበችም፣ የእርስዎም ስም የለም» አለችኝ።

ወረቀቱን አየሁት። ጉንዳን የሄደበት ይመስላል።

«ማንበብ አልችልም» አልኳት። «የለም ያልሽኝ ስም ቢኖርስ በምን አውቃለሁ?»

ሰሌዳዋን ታቅፋ በዝናቡ ውስጥ ወረደች።

ይህን ስናገር ዛሬ ለራሴም ይገርመኛል፤ እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ ያ ወረቀት ነው። ቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ለእናቶች ፊደል ያስተምሩ ነበር። ዘነበች ጉልቱን ትጠብቅልኛለች፣ እኔ እጄን ታጥቤ እሄዳለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ዳዊት ለመድገም፣ ከልጃቸው የሚመጣ ደብዳቤ ለማንበብ ነው የመጡት። እኔ ስሜን ልፈልግ ነው የሄድኩት። «አ»፣ «ስ»፣ «ካ»፣ «ለ»፤ እነዚህን አራቱን ከሌሎቹ ሁሉ በፊት ነው የያዝኳቸው። ዓይኔ ከሰፈሩ ሁሉ ለቀማቸው፤ ታክሲው ላይ «አ» አለች፣ ልብስ ሰፊው በር ላይ «ስ» አለች። ደምሴ ማታ ማታ ከጎኔ ተቀምጦ ክር እያጠነጠነ ይሰማኛል። እሱም አያነብም ነበር፤ እኔ ጮክ ብዬ ስል ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

ሰብለ ግን አልቀረችም። በየወሩ ትመጣለች፣ ከሌላ ትገዛለች፣ እኔን በሩቁ እጅ ትነሳኛለች። መስከረም ጠባ፣ ዘነበችም ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ለካ ጠቁሞ ያስነሳት የተጣላችው ጎረቤት ነው፤ ወረቀቱ እጁም የለበትም። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ቀን ሰብለን ራሴ የጠራኋት።

«ወረቀትሽን አምጪው እስቲ።»

አቀበለችኝ። ጣቴን ከላይ ጀምሬ እያንዳንዱን መስመር ተከተልኩ። ጤፍ። ምስር። በርበሬ። ቀይ ሽንኩርት። ልብስ ሰፊው ቴፑን ቀነሰልኝ። ዘነበች እንኳ አላፌዘችም። እስከ ታች ድረስ ወረድኩ፤ «አስካለ» የሚል የለም። እውነትም የለም። ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ።

«የለሁበትም» አልኳት።

«የሉበትም» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

መደቧን አንስቼ ሰጠኋት፤ አራት ፍሬ፣ እንዳለው። አንዲት ደግሞ መረቅኳት። እሷ ፈገግ ብላ ምራቂዋን በእጇ አገላብጣ አገላብጣ አየቻት። ያን ፈገግታ ያኔ አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ በሚዛኗ ቀን መደቤ እንደ ሌላው ቀን ሆነ፣ ሴቶቹም ተቀየሙኝ፤ ከቤትም ሽንኩርት መጉደሉ ቀረ። እኔ ደምሴን «ባለ ድስቷ ምን ሆነች?» ስለው «ጠገበች» አለኝ።

ሰብለ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረች። መንገዱ ሰፋ፤ ጉልቴ ያለችበት ቦታ ዛሬ መሀል አስፋልት ነው፣ መኪና ይሄድባታል። ሽልንግም ቀረች፣ ውይይት ታክሲም ቀረ፤ የልብስ ሰፊው ሱቅ ስልክ የሚሸጥበት ሆነ። ልጆቼ አደጉ፣ አገቡ፣ ወለዱ። እኔም ዳዊቴን እየደገምኩ አረጀሁ። ህይወት ያንን ሥራ አገኘሁ ብላ ስትነግረኝ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ደምሴ ያረፈ ጊዜ ለቅሶው ላይ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ድንኳኑ ውስጥ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷን አላወቅሁትም፤ «እትዬ» ስትለኝ በድምጿ ለየኋት። ሰብለ ናት። እጄን ይዛ «ልንገርዎት፤ እሳቸው አትንገሪ ብለውኝ ነበር፤ አሁን ግን ይሁን» አለችኝ።

ለካ ሰብለ የኔን ጉልት በጠየቀች ማግስት የምትውለው ሽሮ ሜዳ ነበር፤ የጋቢና የነጠላ ዋጋ ስትጠይቅ። ደምሴ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ በጥለት ቁራጭ የቋጠረውን ሽንኩርት አምጥቶ ሚዛኗ ላይ ያንጠለጥላል። «የትናንቱን ሰርዢው፤ ሚስቴ ፈርታ ነው። የጉለሌ መደብ ይሄ ነው» ይላታል። ወረቀቱ ላይ የገባው እሱ ያመጣው ነበር። ተመዝኖ ሲያበቃ ሸማኔዎቹ ለምሳቸው ይከትፉታል። የዘነበች ድስት እውነትም ተጥዶ ኖሯል።

«መጀመሪያ ቀን ቆጠርኩትና ግራ ገባኝ» አለች ሰብለ። «'ጋሼ፣ መደቡ አምስት ነው ብለውኝ ስድስት አመጡልኝ' አልኳቸው። 'አምስቱ መደቡ ነው፤ ስድስተኛዋ የሚስቴ ምራቂ ናት፤ ሳትመርቅ ሸጣ አታውቅም። እሷንም ጨምረሽ መዝኚልኝ' አሉኝ።»